ረኃብሽ የት ሄደ?

ሮብ ገበያ፤ መጋቢት 3 ቀን 2017

ለልጅ ልጄ ለሂዊ፤

ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቄ ነው ብዕር ያነሳሁት። ዛሬ ከጮቄ ተራራ ወርዶ ደጄ ድረስ ገብቶ ተቀምጦ ነበር፤ ወረቀቱን ከእጄ መለየት ተስኖኝ ቆየሁ። እንዴት ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሰባ ሦስት ዓመት ባልንጀራዬ ነውና አልቀየመውም።

«ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ እርስዎ ለምን ደብዳቤ?» ብለሽ ላሾፍሽብኝ መልሴ ይኸው። ሠላሳ አራት ዓመት በወፍጮ ስፈጭ ጆሮዬን ሞተሩ በላው። ስልክ ብይዝ የምሰማው ያንኑ ወፍጮ ነው፤ ከሸጥሁት ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። ደግሞስ ደብዳቤ ምን ጎደለው? እንዳላማው ሮብ በመጣ ቁጥር ከደብረ ማርቆስ ያንቺን በሚኒባሱ ያመጣል፣ ማታ ሲመለስ የኔን ይወስዳል። ያውም ሳያነበው፣ እሱ እንደሚለው።

ይኸው እንዳላማው ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር አጫወተኝ። ለኔ ሲያወራ በአፉም በእጁም ነው። ሁለት እጁን አራርቆ «ሂዊ እንዲህ ነበረች» አለ፤ ቀጥሎ አጠጋጋቸውና «አሁን እንዲህ ናት» አለኝ። ደነገጥሁ። ጾሙን ከመጀመሪያው ቀን አንስተሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምሺ ጽፈሽልኛል፤ ደስም ብሎኛል። ግን ሦስት ሳምንት ያልሞላው ጾም ሰውን እንዲህ አያደርግም። እኔ ስንት ሁዳዴ ጾሜ ይኸው ሱሪዬ እንኳ አልሰፋኝም።

እናትሽን ዘመናይን ብጠይቃት «ልጅ አይደለች፣ እያደገች ነው» ብላ በአንድ መስመር መለሰችልኝ። ልጄ ነገር ስትደብቀኝ ደብዳቤዋ እንደሚያጥር አውቃለሁ።

የላክሁልሽን በሶ በላሽው ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ ዘለልሽኝ። ቢሻግት ሻገተ በይኝ፣ አልቆጣም። ለፋሲካ ስትመጪ ሚዛኑ ይጠብቅሻል። ወፍጮ ቤቱን ስሸጥ ሚዛኑን ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ አንቺን ካልመዘንሁማ መጣች አልልም።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።
አያትሽ ባዘዘው


ደብረ ማርቆስ፤ መጋቢት 9 ቀን 2017

ለአባባ፣ ለሮብ ገበያ ፖስታ ቤት ኃላፊ፤

ጉልበትዎን እንደምን ነህ ይበሉልኝ። እኛ ደህና ነን። እማማ ለስልጠና ባሕር ዳር ሄዳለች፣ አንድ ወር ትቆያለች። እኔ ጎረቤት፣ እትዬ ጥሩብርሃን ቤት እያደርኩ ነው። እትዬ ጥሩብርሃንን ያውቋታል፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መንደሩን ሁሉ ቀስቅሳ የምትሄደው።

እንዳላማው ሲያጋንን ነው። ባለፈው የጫናቸውን ሰዎች ሠላሳ ናቸው ሲል ራሴ ቆጥሬ አሥራ ስምንት ነበሩ።

ስለ በሶው ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልሻገተም። ለእትዬ ጥሩብርሃን ሰጠኋት። ሽታው አልተስማማኝም። የርስዎ በሶ ሽታ ሳይስማማኝ ሲቀር በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፣ እኔም ገርሞኛል።

ደግሞ ሌላ የገረመኝን ልንገርዎት፣ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። አልራበኝም እኮ! አንድ ቀን እንኳ። ጓደኞቼ በስድስት ሰዓት ፊታቸው ይጠቁራል፣ እኔ ምንም አይመስለኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ጥሩብርሃን ሽሮ ታቀርብልኛለች፤ ሁለት ጉርሻ እጎርስና ይበቃኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብዬ የምሄድ ይመስለኛል። ባጃጆቹ ከሩቅ ያሉ ይመስላሉ፣ የሰው ድምፅ ውሃ ውስጥ ሆኜ እንደምሰማው ነው። ያስፈራል ብዬ ሳስብ አያስፈራም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች «ጸጋ ነው፣ ይቺ ልጅ የተባረከች ናት» ይላሉ።

ስለ ሚዛኑ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ለፋሲካ መምጣቴን እንጃ።

ልጅዎ ሂዊ


ሮብ ገበያ፤ መጋቢት 10 ቀን 2017

ለሂዊ፤

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬያለሁ፣ እንዳላማው ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ይጠብቅ!

አንቺ ልጅ፣ የማይርበው ሰው ምኑን ይጾማል?

የመጀመሪያዬን ጾም የጾምሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ቀትር ላይ ረኃብ መጣችብኝና አለቀስሁ። እናቴ «መጣች?» አለችኝ፣ እንግዳ የመጣ ይመስል። «መጣች» አልኋት። «እንግዲያ አብረሃት ተቀመጥ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትሸኛታለህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ በጾም ቀን ቀትር ላይ ትመጣለች፣ አብረን ደጃፍ ላይ ቁጭ እንላለን። ጾም የማውቀው እንዲህ ነው። ዛሬም መጥታ አጠገቤ አለች፣ ይህን ስጽፍ ሆዴን እየጎነተለችኝ።

ያንቺ ቀርታለች። አንድ ቀን ብትቀር እሺ፣ ሰው ሐሳብ ይይዘዋል፣ ያመዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ? ሠላሳ አራት ዓመት ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሜ የራበውን ሰው ከዓይኑ ለይቻለሁ። ለራበው ሰልፍ አስቀድሜለታለሁ። ሳይበላ ውሎ የማይርበው ጤነኛ ግን አላየሁም። የሴቶቹን «ጸጋ ነው» ተይልኝ። ጸጋ በሶ አያስጠላም።

እንግዲህ ሳልቆጣ ልጠይቅሽ። ረኃብሽ የት ሄደ? አሞሻል? ወይስ ክብደት ቀንሺ ብሎ አንድ ነገር የሰጠሽ ሰው አለ? ወፍራም ነሽ ያለሽስ ማነው? ስሙን ጻፊልኝ፣ ጉልበቴን አልምረውም፣ ማርቆስ ድረስ መጥቼ አነጋግረዋለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ አያትሽ ነኝ፣ አትደብቂኝ።

ባዘዘው


ደብረ ማርቆስ፤ መጋቢት 16 ቀን 2017

አባባ፤

ረኃቤ ፍሪጅ ውስጥ ናት።

ይህንን አንድ መስመር ጽፌ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። እማማ «ለአባባ እንዳትነግሪ» ብላ አስምላኛለች። የእማማ ወንድም፣ አጎቴ ድረስም፣ ከዱባይ በስልክ «አባባ ከሰማ ያብዳል» ብሎኛል። ሁለቱም ልጆችዎ ይፈሩዎታል፣ የማልፈራዎት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር እማማ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደሜን አዩና ስኳሬ ከፍ ማለት ጀምሯል አሉ፤ ክብደቷን ካልቀነሰች ገና በልጅነቷ ስኳር በሽታ ይይዛታል ብለው አስፈራሯት። በእግር እንድሄድ፣ ለስላሳና ብስኩት እንድተው፣ ከሦስት ወር በኋላ እንድመለስ ነገሩን። እማማ ሦስት ወር መጠበቅ አልቻለችም። ቢሮዋ ውስጥ አንዲት ሴት በመርፌ ቀጥና ነበር። አጎቴ ድረስ በሰው እጅ፣ በበረዶ አሽጎ ላከልን። እውነተኛ መድኃኒት ነው አባባ፣ የጠንቋይ አይደለም። ብዕር ይመስላል፤ ጫፉን ሲያዞሩት ቁጥር ይቆጥራል፣ ሐሙስ ሐሙስ ሆዴ ላይ እወጋዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ጾም ስለሆነ ፍሪጁን የሚከፍት የለም።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። ያቅለሸልሸኛል፣ አንዳንዴ ያስመልሰኛል፣ ሆዴም ይደርቃል። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ እንደሚመጣ ተጽፏል፣ እንግሊዝኛውን ለእማማ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። አንዳንዱን መስመር ዘልዬባታለሁ።

አሁን ለመጨረሻው ጥያቄዎ። ወፍራም ነሽ ያለኝን ሰው ስም ጻፊልኝ ብለዋል።

ባዘዘው ይባላል።

አሥር ዓመቴ ነበር። ሮብ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ አየሩ በዱቄት ነጭ ሆኖ። አንስተው ሚዛኑ ላይ አቆሙኝ። ሃምሳ ሁለት አለ። «ግማሽ ኩንታል አለፈች! የኔ ልጅ ግማሽ ኩንታል አለፈች!» ብለው ጮኹ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ደስ ብሎዎት እንደነበር አውቃለሁ። ዓይንዎ ሲያበራ አይቻለሁ። ለርስዎ መወፈሬ ጤናዬ ነበር፣ ልጄ አልተራበችም ማለት ነበር። ግን እዚያ ቆሞ የሳቀ አንድ የሮብ ገበያ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ እኛ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኩንታል ነው። አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ አስተማሪ እንኳ ተሳስቶ ጠርቶኛል።

ልቀየምዎት ሞክሬ አልቻልኩም። ሚዛኑ ላይ ግን መቼም አልወጣም።

ሂዊ


ሮብ ገበያ፤ መጋቢት 24 ቀን 2017

ልጄ፤

ባለፈው ሮብ እንዳላማውን ባዶ እጁን ሰደድሁት። አልተቀየምሁሽም። መጻፍ አቅቶኝ ነው፣ ወረቀቱ ላይ እንባ ወርዶ ቀለሙን አበላሸብኝ፣ ሌላ ወረቀት ደግሞ አልነበረኝም።

ይቅር በይኝ። እኔን አፈር ያድርገኝ! ሚዛኑ ላይ ያቆምሁሽ ኩራቴን ላሳይ ነበር። በልጅነቴ ክረምት ሲገባ ጎተራው ባዶ ሆኖ የወንድሞቼ ጉንጭ ሲሟጠጥ አይቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያንቺን ጉንጭ ሳይ ጌታ ከዚያ አወጣን እያልሁ ነበር። ያንቺን ልብ አላየሁትም። አንድ ጊዜ እንኳ ሲስቁ ፊትሽን ዞር ብዬ ብመለከት ምን ነበር?

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ደብዳቤሽን ይዤ ጤና ጣቢያ፣ ነርስ ሥራነሽ ዘንድ ሄድሁ። ስምሽን አልነገርኋት፣ ግን ገባት። ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ። መድኃኒቱ ክፉ አይደለም አለች፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆኑ፣ ክብደታቸው ለበሽታ ለሚዳርጋቸው ልጆች ሐኪም ያዘዋል፣ የጠቀማቸውም ብዙ ናቸው። ግን ሐኪሙ አብሮ አለ። ከትንሽ ይጀመራል፣ ቁጥሩ የሚጨመረው በወራት፣ ሐኪም ሲፈቅድ ነው። ምግብ ትንሽም ቢሆን መበላት፣ ውሃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መጠጣት አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ከዚህ መርፌ ጋር አይሆንም አለች፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሦስት ነገርም ጠይቃት ብላኛለች። ከቀኝ ጎድን ሥር ተነስቶ ትከሻ ድረስ የሚሄድ ቁርጠት አለሽ? ስትቆሚ ዓይንሽን ያጨልምብሻል? ዓለም ሁሉ ደስ አይልሽም ወይ፣ ማልቀስ ያምርሻል? አንዱ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ ብላለች።

የንስሐ አባታችንንም አነጋገርሁ። «የታመመ አይጾምም፤ የልጅቷን ጾም እኔ ፈትቻለሁ» ብለውሻል። ስለዚህ ብዪ። ኃጢአት አለው ካልሽ በኔ ላይ ይሁን፣ ለኔ ቀላል ነው።

አንድ የወፍጮ ነገር ልንገርሽ። እህሉ አልቆ ሞተሩ ካልጠፋ ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ይፋተጋል። ዱቄት የመሰለ ነገር ይወርዳል፤ አላዋቂ ደስ ይለዋል። የሚወርደው ግን ራሱ ድንጋዩ ነው። አንድ ጊዜ ረዳቴ እንዲህ አድርጎብኝ ጥንድ ድንጋይ በልቶብኛል። አንቺ ከፍ ብዬ እሄዳለሁ ስትዪ የታየኝ ያ ነው።

ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት። ስልክ ባይኖረኝም ሥራነሽን አስደውዬያት ነበር፣ መስመሩ የለም።

የበደለሽ አያትሽ


ደብረ ማርቆስ፤ ሚያዝያ 5 ቀን 2017

አባባ፤

ይህን የሚያመጣልዎት እህል ሸጦ በእግሩ የሚመለስ ሰውዬ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፣ እንዳላማውን ካየሁት ቆየሁ። ኔትወርክም የለም። እማማ ባሕር ዳር ቀርታለች።

ደብዳቤዎ አልደረሰኝም። ስለ ሚዛኑ የጻፍኩት አስቀየመዎት? ቢቆጡኝም ይጻፉልኝ። ቁጣዎ ይሻለኛል።

ተኝቼ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ይቅር ይበሉኝ። ከትናንት ወዲያ ከትምህርት ቤት መልስ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። ወፍጮ ቤትዎ ነበርኩ፣ ሰው የለም፣ ሞተሩ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይሠራል፣ ዱቄቱ ከላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዲት ትንሽ ልጅ ሚዛኑ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯን እያወዛወዘች። ቀይ ሹራብ ለብሳለች፣ ያንን እርስዎ የገዙልኝን። ረኃቤ መሆኗን በምን እንዳወቅኩ እንጃ፣ አወቅኩ። «ነይ እንሂድ» አልኳት። «ውጪልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሚዛኑን ሳየው ምንም አይቆጥርም። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች፣ ውጭው ጉም ነበር፣ ብጠራት ብጠራት ድምፄ አልወጣም።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። እማማ ከሄደች ወዲህ ብዕሩን የማዞረው እኔ ነኝ። ሁለት ላይ ነበር የተወችው። አራት አድርጌዋለሁ። ፋሲካ ሳይደርስ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ሰው ለምን አትበዪም ሳይለኝ ልጨርሰው ብዬ ነው። ከፋሲካ በኋላ ለእማማም ለሐኪምም እናገራለሁ፣ በማርያም።

ከጎድኔ ሥር ይወጋኛል፤ ይመጣል ይሄዳል። ጀርባዬ ድረስ ይደርሳል። እትዬ ጥሩብርሃን ብርድ ነው ብላ በፎጣ አሰረችልኝ። ዓርብ ስቅለት ነው። እሰግዳለሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይቀላል።

ሂዊ


ሮብ ገበያ፤ ሚያዝያ 8 ቀን 2017

ሂዊ፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ከሰዓት ደረሰኝ። የኔ ያለፈው ደብዳቤ ከነሚኒባሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ኖሯል። ደብዳቤሽን ያመጣው ሰውዬ እንደነገረኝ፣ እንዳላማው መኪናውን ዘመድ ቤት አቁሞ በእግሩ ማርቆስ ገብቶ ሁለት ሳምንት ቤቱ ተኝቷል፤ እኔ ደርሷታል፣ ተቀይማኛለች ብዬ ቁጭ ብያለሁ። ሁለታችንም ተቀያየምን ብለን ስንተካከዝ ከረምን፣ ያልታደልን!

ሥራነሽ ደብዳቤሽን አንብባ ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬውኑ» ብላ ጻፈችልኝ። ስልክ የለ፣ መኪና የለ። እግር አለ።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አልሰጥም፣ ራሴ ይዤው ነገ ማለዳ እነሳለሁ። ጉልበቴ እንደፈቀደ አድራለሁ፣ ዓርብ እደርሳለሁ። የምትመልሽልኝን ስለማልሰማ የምለውን ሁሉ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ስታነቢው እኔ ከፊትሽ ቆሜያለሁ። አትስገጂ። መርፌውን አትንኪ። ውሃ ጠጪ። እጄን ያዢና ሐኪም ቤት እንሂድ።

ያቺን ልጅ በጉሙ ውስጥ ካየኋት ይዣት እመጣለሁ።

ባዘዘው


ደብረ ማርቆስ፤ ሚያዝያ 22 ቀን 2017

ለአባባ፣ ለእግረኛው፤

በሰላም መግባትዎን እንዳላማው በእጁም በአፉም ነገረኝ። መንገዱ በመከፈቱ ተመስገን፤ ጉልበትዎ ግን ሲመለስም በእግሩ እንዳይሄድ ብዬ ስለቴን ጨርሼ ነበር።

በአካል እያሉ ያልጻፍኩልዎትን ልጻፍ። የሆስፒታሉን ደብተር አሁንም ይዤዋለሁ፣ ያንን ፊት ለፊት ተቀምጠን የተጻጻፍንበትን። ነርሶቹ «እነዚህ ሰዎች ተጣልተው ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። እርስዎ የጻፉት የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዓይንሽን ግለጪ» ይላል፣ አሥራ አንድ ጊዜ። እኔ ተኝቼ ለማን ነበር የሚጽፉት?

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስወድቅ ሰዎቹ ስግደት ነው መስሏቸው አጠገቤ መስገድ ቀጠሉ፣ ከመሬት ያነሳኝ ከሕዝቡ መሃል እየተጋፋ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነው ብላ እትዬ ጥሩብርሃን እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ፎጣውን አቃጥላዋለች።

ዶክተሯ የተናገረችውን እንዳልዋሽዎት እንዳለ ልጻፈው። ሰውነቴ ውሃ ጨርሶ ነበር፣ ኩላሊቴ ለጥቂት ተርፏል። ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር አለ፤ በጣም ቶሎ የከሳ ሰው ላይ ይመጣል አለች፣ ከባሰ በቀዶ ጥገና ይወጣል። መርፌውን ለጊዜው አስቁማኛለች። እማማ መንገዱ እንደተከፈተ ደርሳ «መርዝ ነው ያበላኋት» ብላ ፊቷን ስትነጭ ዶክተሯ ተቆጣቻት። «መርዝ አይደለም። ልጅቷም ሕመሟ እውነት ነው፣ ስኳሩም አልጠፋም። ወደፊት እንደገና እንጀምረው ይሆናል፣ ግን እኔ እያየሁ፣ ከትንሹ፣ እየበላች» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ሰው ምን ብሎ ይጠራሻል?» አለችኝ። አባባ፣ እንደዚያ ብላ የጠየቀችኝ ሐኪም የለችም። ነገርኳት። አለቀስኩ። በየሁለት ሳምንቱ እንድመጣ አዛኛለች፣ ግማሹ ሰዓት ለሆዴ፣ ግማሹ ለወሬ።

እማማ አሁን ሳትቆጣ ትመግበኛለች። የዳግም ትንሣኤ ዶሮ ሲሸት ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። እስካሁን አልራበኝም። ሰዓት አይቼ ነው የምበላው፣ መድኃኒት እንደሚዋጥ። ዶክተሯ ትመለሳለች ትላለች። ካልተመለሰችስ? ይህን ለእማማ አልነገርኳትም። ለርስዎ ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። ደብተሩ ላይ «ሚዛኑን ምን ላድርገው?» ብለው ጽፈው ሰርዘውታል። አይቼዋለሁ። ምን አደረጉት?

ሂዊ


ሮብ ገበያ፤ ሚያዝያ 29 ቀን 2017

ለሂዊ፣ ለዓይኔ፤

ጉልበቴ «ደህና ናት ወይ?» ይልሻል። ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል፣ የጮቄ ራስ ከነጅብራ ተክሉ ይታያል።

ስለ ሚዛኑ ሳልነግርሽ ልተወው ነበር፣ ያሳፍራል። ከጠየቅሽ ግን ልናገር። መጀመሪያ በመጥረቢያ ልሰብረው አሰብሁ። ብረት ነው፣ ምን አጠፋ? ስለዚህ ባለፈው ሮብ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ ሰው አስይዤ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አወጣሁት። ጋቢዬን አውልቄ ጣልሁና ወጣሁበት። የአሁኑን ባለወፍጮ «ጮኸህ አንብብ» አልሁት።

ሃምሳ ሁለት!

በአሥር ዓመትሽ የመዘንሽውን እኔ በሰባ ሦስት ዓመቴ መዘንሁ። ገበያተኛው ፈነዳ። አንዱ «ባዘዘው ግማሽ ኩንታል አለፉ!» አለ፤ ድምፁን አልሰማሁም፣ ከአፉ አነበብሁት። ጥርስ ሁሉ ታየኝ። ማንም ክፋት አልነበረውም፣ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ቆሜ ቆየሁ። ወርጄ ጋቢዬን አነሳሁ።

ለካ ያማል።

ስድስት ዓመት ዘግይቼ ነው የገባኝ፣ ይቅር በይኝ። ከዚያ ለባለወፍጮው ሰጠሁት፣ አንድ ቃል አስገብቼ፣ እህል እንጂ ሰው እንዳይመዝንበት።

ያቺ ልጅ ካልመጣችስ ብለሻል። እኔና ጉልበቴ ስንመጣ፣ ጉሙ ውስጥ አላየኋትም። ግን ጉም የዋጠው ነገር አይጠፋም፣ ቆይቶ ይገለጣል፤ እኔ እዚህ ኖሬ አውቀዋለሁ። አትጥሪያት፣ ተከትለሻት አትሩጪ። ሰዓትሽን ጠብቀሽ ብዪ፣ በሩን ክፍት ተዪላት።

አየሽ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከአንድ ቃል ስሸሽ የኖርሁ ሰው ነኝ። ያንን ቃል ከልጅ አፍ መስማት የመሰለ ሞት የለም ብዬ ነበር። ዛሬ በየማለዳው የምጸልየው ልጄ ያንን ቃል ትበለኝ እያልሁ ነው። ዓለም እንዲህ ትገለበጣለች እንዴ?

ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። የመጣች ዕለት አንድ ቃል ላኪልኝ።

ባዘዘው


ደብረ ማርቆስ፤ ግንቦት 13 ቀን 2017

አባባ፤

ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ የሒሳብ አስተማሪው ጀርባውን ሲሰጠን። እንዳላማው አሁን ሊወጣ ነው፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልሰጥለት ነው። ከውጭ የሆነ ሰው ቤት ገብስ እየተቆላ ነው፣ ሽታው በመስኮት ገባ፣ ቀና አልኩ። ከዚያ ሆዴ ጮኸ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ሰምታ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ አሁን ዓይኔ እንባ ሞልቶ መስመሩ አይታየኝም።

በሶ ይላኩልኝ።

ራበኝ።

ሂዊ